ውሃ ልክ

«ውሃው የት ይሄዳል?» አለችኝ ቶሪል
ከመስኮቱ ኋላ ፕላኔን ዘርግታ፣
በቀይ እርሳሷ ጫፍ ጣሪያዬን ነካክታ።
«ወደ ታች ነዋ» አልኩ፣ ሳቅ ብዬ፤
አልሳቀችልኝም።
ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ
አንዴ ሳለ፣ አንዴ ሰዓቱን አየ።

ሁለት ክፍል እኮ ናት፣
ለልጄ ለብሪን፣ ከጓሮ የምትቆም፣ ከፖሙ ዛፍ ጥግ፤
ሆቴል አልገነባሁ፣ አልተከልኩ ፋብሪካ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውሃ ልክ ጨብጬ
ግድግዳ ሳቀና፣ ወለል ስለካ፣
ያቺ የአየር እንቁላል በአረንጓዴው ብልቃጥ
መሐል ላይ ስትረጋ ልቤ ሲረካ፣
ውሃን የማውቀው መስሎኝ ነበር ለካ!

«እንዳንተዋ ያለች፣ ‹ትንሽ ናት› የተባለች፣
ዘንድሮ ብቻ ስልሳ አንድ ፈረምኩ» አለች።
«ትልቁ መሐንዲስ አለው፣ ጠበቃ አለው፤
የትንሹን ጭቃ ማን ይቆጥረዋል?»
አሥራ ሁለት ገጽ ቅጽ አስታቀፈችኝ።
ዝናብን በቅጽ! እያልኩ ወጣሁ።
ለዱዌይን ስነግረው በሳቅ ፈረሰ፤
ዱዌይን ቆፋሪው፣ እውነቱን ለመናገር፣
ፈቃድ ሳይወጣ ገና መሬቱን ያረሰ።
«ጀምር» ያልኩት እኔ ነኝ።
ይህንን ለቶሪል አልነገርኳትም።

ኅዳር ነው። ከሲያትል ማዶ፣ በዚህ የባሕር ክንድ ዳር
ኅዳር ማለት ዝናብ ነው፤
ነጎድጓድ የለው፣ ቁጣ የለው፣
እንደ አበዳሪ ደጅ ላይ ቁጭ የሚል።
ሌሊት በስምንት ሰዓት እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ
ባትሪዬን ይዤ፣ ቦት ጫማዬን አጥልቄ
ጥያቄዋን ልከተል ወጣሁ።

የዱዌይን የአፈር ክምር፣ ራቁቱን ያደረው፣
ከጎኑ ተሸርሽሮ መንገድ ጀምሯል፤
ቀጭን ነው፣ የፈሰሰ የወተት ሻይ ይመስላል፤
በደጄ ቁልቁል፣ በሚስተር ኦኩዳ አጥር ሥር፣
ከአሮጌ ፒካፑ የተንጠባጠበው ዘይት
ቀስተ ደመና አልብሶት፣
እያሳሳቀ ወሰደኝ እስከ ጥጉ፣
እስከ ብረት ፍርግርጉ።
የትምህርት ቤት ልጆች ከጎኑ ሰማያዊ ዓሣ ሥለዋል፤
ስንቴ ረግጬው አልፌያለሁ!
ከሥሩ ማጣሪያ ያለ ይመስለኝ ነበር፣
አንድ የመንግሥት ሰው፣ ጓንት አጥልቆ የሚጠብቅ።
ምንም የለም። ቱቦ ነው።
ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አፉን ከፍቶ
እኔን ይተፋል ወደ ጅረቱ።

እዚያ፣ በባትሪዬ ብርሃን፣ አንዲት ሳልመን፣
ከውቅያኖስ ድረስ የመጣች፣ ሆዷ በእንቁላል የተወጠረ፣
በጎኗ ተጋድማ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣
አየሩን ትጎርሳለች፤
መሐሏን ስታለች፣
እንደ ተሰበረ ውሃ ልክ።
የጎማ ብናኝ ነው ይላሉ፣ ከአውራ ጎዳናው።
ይሆናል። የእኔ ጭቃ ብቻ አይደለም።
ግን የእኔም ጭቃ እዚያው ነበር፤
ከደጄ እስከ ጉንጯ ተከትዬው መጣሁ።

ሲነጋ ክምሩን ሸራ አለበስኩት።
ፕላኑን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ
ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱን ትቼ
ቁልቁለቱን ሣልኩ፦
ከታች በኩል የጭድ ጥቅል፤ መውጫው ላይ ሻካራ ጠጠር፣
የዱዌይን ጎማ አፈሩን አራግፎ እንዲወጣ፤
ለሲሚንቶው እጣቢ ላስቲክ የተነጠፈበት ጉድጓድ፤
የጣሪያው አሸንዳ ደግሞ ወደ ረባዳው ሣር፣
ውሃው ከመሄዱ በፊት ቁጭ ብሎ እንዲያስብ።
ብሪን በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ
«አባዬ፣ ቤቴ አነሰች እኮ» አለች።
አነሰች። አንድ ሜትር ተኩል።

ቶሪል አገላበጠች፣ ገጽ ሰባት ላይ ቆመች።
«ይህን ረባዳ ማን ይጠርገዋል፣ አንተ ስታረጅ?»
ባዶ መስመር ነበር። የልጄን ስም ጻፍኩ።
ከዚያ፣ እስክሪብቶውን ሳላስቀምጥ፣ ስለ ዱዌይን ነገርኳት።
ቅጣቱን ጻፈች። ማኅተሙንም መታች።

ስመለስ ያካፋል።
ውሃ ልኬን ከመኪናው አውጥቼ
መሬቱ ላይ አጋደምኩት፤
አረፋዋ ሽቅብ ሸሸች፣ ውሃው በሌላው በኩል ቀረ።
ሠላሳ ዓመት
አረፋዋን ሳይ ነው የኖርኩት።